የሐኪሙ ኬላ፦ የቪዛ የጤና ምርመራ ታሪክና ከበሩ የተመለሱ ወገኖቻችን

፩

በውጭ አገር በሚኖሩ በብዙ ወገኖቻችን ቤት፣ ከሻንጣ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ራስ ላይ፣ አንድ ትልቅ ፖስታ ተቀምጦ ይገኛል። በውስጡ ጥቁር ፊልም አለ። ፊልሙን ወደ መስኮት ብርሃን አቅንቶ ለተመለከተው የአንድ ሰው ጎድን አጥንት፣ የልብ ጥላና ሁለት ሳንባ ይታየዋል። ይህ ባለቤቱ ከአገሩ ወጥቶ በተፈቀደለት አገር አውሮፕላን ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ከእጁ እንዳይለየው የታዘዘው የደረት ራጅ ነው። የሠርግ ፎቶግራፉና የትምህርት ማስረጃው በመንገድ የጠፋበት ሰው እንኳ ይህን ፊልም አላጣውም። ለምን እስከ ዛሬ እንዳስቀመጠው ቢጠየቅ «ምን ይታወቃል፣ ይፈለግ ይሆናል» ከማለት በቀር መልስ የለውም።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎችም እንዲህ ያለ ፖስታ ካላቸው መካከል ነን። በመሆኑም ስለ ስደታችን የተጻፈውን ስናገላብጥ አንድ ነገር ሳያስገርመን አልቀረም። ስለ 1974ቱ አብዮት፣ ስለ ቀይ ሽብር፣ በሌሊት ስለ ተቋረጠው የሱዳን ወሰን፣ በካርቱምና በገዳሪፍ ስላለፈው የመጠባበቅ ዘመን፣ ከዚያም በአዲሱ አገር ስላለው የታክሲና የመኪና ማቆሚያ ሥራ፣ በጥናትም በልብ ወለድም ብዙ ተብሏል። ከቆንስሉ ቃለ መጠይቅና ከአውሮፕላኑ መሰላል መካከል ስላለችው አንዲት ቀን ግን፣ ልብስ አውልቆ በሐኪም ፊት ስለ ተቆመባት ቀን፣ የተጻፈ አላገኘንም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የስደትን ታሪክ የሚጽፈው ያለፈው ሰው ነው፤ ላለፈው ሰው ደግሞ ያች ቀን ከብዙ ወረፋዎች አንዷ ነበረች።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቀን፣ ይልቁንም በዚያች ቀን ስለ ተመለሱት ነው። የምንከራከርበት ነጥብ አጭር ነው፦ የጤና ምርመራው ከመድረሻው ወደብ ወደ መነሻው አገር በተዛወረ መጠን የተመለሰው ሰው ከታሪክ ዓይን እየተሰወረ ሄደ። አብዛኛውን ሐተታችንን የምናደርገው በዩናይትድ ስቴትስ ላይ ነው፤ የዚያች አገር ሥርዓት ረጅም ታሪክ ያለው ከመሆኑም በላይ ብዙዎቻችን ያለፍነው በእርሱ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

፪

በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት ነጋዴ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ኬላ ላይ ይቆማል። ጭነቱ ይታያል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከወዴት መጣህ ወዴትስ ትሄዳለህ ተብሎ ይጠየቃል። ኬለኛው የሚፈትሸው ግን አሞሌውን፣ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ነው፤ የነጋዴውን የዓይን ቆብ ገልብጦ አያይም። በአውሮፓም ቢሆን በቬኒስና በሌሎች ወደቦች የነበረው፣ ስሙን «አርባ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ያገኘው የኳራንቲን ሥርዓት፣ መርከቡን ከነጭነቱና ከነሰው የሚያግድ ነበር። አርባው ቀን ሲያልፍ ሁሉም ይገባል። ሰውን ከሰው ለይቶ «አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ» የሚል ሐኪም በወደብ በር ላይ የቆመው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ነው።

በመጋቢት 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ ማግኘቱን በርሊን ላይ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ እብዶች፣ የአእምሮ ጉድለት ያለባቸውና ራሳቸውን መርዳት ባለመቻላቸው የሕዝብ ሸክም ይሆናሉ የተባሉ ሰዎች እንዳይገቡ ታገዱ። በ1891 የወጣው ሁለተኛው ሕግ «አስጸያፊ ወይም አደገኛ ተላላፊ በሽታ» ያለባቸውን ጨመረ፤ እያንዳንዱም ገቢ በመንግሥት ሐኪም እንዲታይ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥርዓት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ሲዋልል የኖረ ነው። አንደኛው «በሽታ ታስተላልፋለህን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ሠርተህ ትበላለህን?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሚጠይቀው ሐኪም ሁለተኛውንም አብሮ ይመልሳል፤ ተመርማሪው ግን በየትኛው እንደ ተመዘነ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

በጥር 1892 በኒው ዮርክ ወደብ የተከፈተው የኤሊስ ደሴት ጣቢያ እስከ 1954 ድረስ ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አስተናግዷል። ሐኪሞቹ የደንብ ልብስ የለበሱ በመሆናቸው ብዙ ገቢዎች ወታደር ይመስሏቸው ነበር። ምርመራው የሚጀመረው መንገደኛው ሳያውቀው ነው። ጓዙን ተሸክሞ ወደ ላይኛው አዳራሽ የሚወስደውን ደረጃ ሲወጣ፣ የሚያነክሰውን፣ ትንፋሽ የሚያጥረውን፣ ግራ የተጋባ የሚመስለውን ሐኪሞቹ ከላይ ሆነው ይለያሉ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ በሴኮንድ የሚቆጠር ነበር። የተጠረጠረ ሰው ልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል፤ ለልብ «ኤች»፣ ለዓይን «ኢ»፣ ለአእምሮ «ኤክስ»። ካፖርቱን ገልብጦ በመልበስ ምልክቱን ሰውሮ ያለፈ ሰው እንደ ነበረም ይተረካል።

ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው የዓይን ምርመራ ነበር። ከ1897 ጀምሮ ትራኮማ በአደገኛ ተላላፊ በሽታነት ስለ ተመዘገበ፣ ሐኪሙ በጣቱ ወይም የጫማ ቁልፍ በሚቆለፍበት መንጠቆ የዓይን ቆብን ገልብጦ ያያል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ዕጣው መመለስ ነበር። እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። ትራኮማ በአገራችን ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው። እናቶቻችን ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይን ፀጉር በወረንጦ ሲነቅሉ እያየን አድገናል። በዚያ ዘመን ወገኖቻችን በብዛት ወደ ኒው ዮርክ ተጉዘው ቢሆን ኖሮ ያ መንጠቆ ስንቱን ከደረጃው ይመልሰው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በኤሊስ ደሴት በማናቸውም ምክንያት የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን ሲሰላ ግን የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የተጓዙት በመርከቡ ላይ ሳሉ በጨዋነት ታይተው በቀጥታ ወደ ከተማ ሲገቡ፣ በደረጃው የሚወጣው በመርከቡ ሆድ የመጣው ድሃ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ስለ ጣቢያው መመስከር ያለብን አንድ እውነት አለ። የተመለሰው ሰው ይታይ ነበር። ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል። ጉዳዩ አከራካሪ ከሆነ በልዩ የምርመራ ቦርድ ፊት በአስተርጓሚ ይቀርባል፤ በአደገኛ ተላላፊ በሽታ የተያዘው ይግባኝ ባይኖረውም ሌላው እስከ ዋሽንግተን ድረስ አቤት ማለት ይችላል። ሚስቱና ልጆቹ አጠገቡ ናቸው። ጋዜጠኛ ይመጣል፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ይመጣል። ዛሬ የልጅ ልጆች ያንን መዝገብ አስፈልገው የአያታቸውን ዕንባ ያነባሉ።

አንድ ሕግ በሁሉ በር አንድ ዓይነት ፊት አልነበረውም። በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ከ1910 እስከ 1940 በሠራው የኤንጀል ደሴት ጣቢያ፣ ከቻይናና ከሌሎች የእስያ አገሮች የመጡት ሰዎች ለሆድ ትላትል ዓይነ ምድራቸው እየተመረመረ ለብዙ ቀናት ይታገዱ ነበር። በኤል ፓሶ ድልድይ በ1917 ታይፈስን ለመከላከል በሚል ከሜክሲኮ ለቀን ሥራ የሚሻገሩ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ኬሮሲን በገባበት ድብልቅ እንዲታጠቡ ተገደዱ። በጥር 28 ቀን ካርሜሊታ ቶሬስ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት የቤት ሠራተኛ ከትራሙ አልወርድም አልታጠብም ብላ ሌሎቹን ሴቶች አሳመፀች። ዐመፁ ታፈነ፤ እጥበቱም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

፫

የኬላው መዛወር የተጀመረው በገንዘብ ነው። በ1903 የወጣው ሕግ፣ ሲሳፈር በሽታው ሊታወቅ ይችል የነበረ ሰው ባመጣ የመርከብ ኩባንያ ላይ ለአንድ ሰው 100 ዶላር መቀጮ ጣለ፤ ኩባንያዎቹም መንገደኛውን ገና በአውሮፓ ወደብ ሳለ በራሳቸው ሐኪም ማስመርመር ጀመሩ። በ1924 ደግሞ የኮታው ሕግ ወጣ። ገቢው ከመነሳቱ በፊት በአገሩ ካለ የአሜሪካ ቆንስል ቪዛ እንዲይዝ ተደረገ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ሐኪሞች በአውሮፓ ቆንስላዎች መመደብ ጀመሩ። በኋላም በየአገሩ ቆንስላው የሚሰይማቸው የአገሬው ሐኪሞች ሥራውን ተረከቡ። በዚያ የኮታ ሠንጠረዥ ለኢትዮጵያ የተመደበው 100 ሰው እንደ ነበር በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን፤ በዚያን ጊዜ ይህን ቁጥር የሚሞላ ስደተኛ አገራችን አልነበራትም።

ለዚህ ለውጥ ቅን ምክንያት አልጠፋለትም። ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ጥሪቱን ሁሉ ሸጦ፣ ከበሩ ላይ ከመመለስ በአገር ሳሉ መልሱን ማወቅ ይሻላል። ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ግልጽ የነበረው በር ተዘግቶ በምትኩ ሦስት ክፍል ያለው ጸጥተኛ ቢሮ ተተካ። በአንደኛው ክፍል ሐኪሙ አለ፤ እርሱ ይጽፋል እንጂ አይፈርድም። በሁለተኛው ቆንስሉ አለ፤ እርሱ ይፈርዳል እንጂ አልመረመረም፤ «ሐኪሙ ጽፏል» ይላል። ሦስተኛው ክፍል መዝገቡ ያለበት ነው። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ የቪዛ መስጠትንም መከልከልንም የሚመለከት ሰነድ ሁሉ በምስጢር እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ለአመልካቹ ክብር ይህ ተገቢ ጥበቃ መሆኑን አንክድም። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ውጤቱ ይህ ነው፦ በ1907 ከኤሊስ ደሴት የተመለሰውን ሰው ስም ማግኘት ይቻላል፤ በ1997 ከአዲስ አበባ ቆንስላ የተመለሰውን ግን አይቻልም።

ወገኖቻችን በብዛት ወደዚህ ኬላ የደረሱት የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ከእኛ መካከል በካርቱም በኩል ያለፉት ያን ጊዜ አይረሱትም። ምርመራውን ያካሂድ የነበረው በመንግሥታት መካከል የተቋቋመው የፍልሰት ኮሚቴ ነበር፤ ከ1989 ወዲህ ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት ተብሏል። ስማችን በዝርዝር ተለጥፎ ስናይ የተደሰትነውን ያህል ከስማችን አጠገብ የምርመራ ቀን ሲጻፍ ደነገጥን። ከሁለት ዓመት የሽምብራና የፉል ኑሮ በኋላ ማን በሳንባው ይተማመናል? ከምርመራው በፊት በነበረው ሳምንት ማር በሎሚ የጠጣ፣ ሲጋራ የተወ፣ እንዳያስለው በፀሎት የሰነበተ ብዙ ነበር። በዚያን ቀን ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላ ወገን ተሰልፈን፣ እስከ ወገባችን ተራቁተን፣ ደረታችንን በቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ለጥፈን «ትንፋሽ ያዝ» ተባልን። ትንፋሻችንን የለቀቅነው በእርግጥ ስማችን ለበረራ ሲጠራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያው ፖስታ በእጃችን ሆነ። ታሽጎ ስለሚሰጥ ስለ ገዛ ገላችን የተጻፈውን እኛ አላነበብነውም፤ ያነበበው የመግቢያው ሹም ነው።

፬

እስከ 1987 ድረስ በዝርዝሩ ላይ የነበሩት ተላላፊ በሽታዎች ሰባት ነበሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥና ሌሎች ሦስት የአባለ ዘር በሽታዎች። ሁሉም በጊዜው መድኃኒት ነበራቸው፤ የተያዘው ሰው ታክሞ ይመለሳል፣ ቪዛውን ይወስዳል። በዚያ ዓመት ግን ስምንተኛ ተጨመረ። በሰኔ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ኤድስን በዝርዝሩ አስገባ፤ ምክር ቤቱም ወዲያው በሴናተር ጄሲ ሄልምስ አነሳሽነት በኤች አይ ቪ መያዝ ብቻውን የሚያግድ እንዲሆን አዘዘ። በዚሁ ዓመት ማብቂያ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የቋሚ ቪዛ አመልካች ሁሉ ደሙን እንዲሰጥ ግዴታ ሆነ።

ይህን እገዳ ለማንሳት የተሞከረው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። በ1991 የጤና ሚኒስትሩ ሐኪም ሉዊስ ሳሊቫን ከሳንባ ነቀርሳ በቀር ሌላው ሁሉ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ኤች አይ ቪ በአየርና በንክኪ ስለማይተላለፍ ድንበር ላይ የሚገታ በሽታ አይደለም የሚለው የባለሙያዎች አስተያየት ነበር። ተቃውሞው ስለ በረታ ሐሳቡ ተመለሰ። በ1992 በቦስተን ሊደረግ የታሰበው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ በዚህ እገዳ ምክንያት ወደ አምስተርዳም ተዛወረ። በሰኔ 1993 ምክር ቤቱ እገዳውን በሕግ አጸናው፤ ስለዚህ ማንም ሚኒስትር በመመሪያ ሊያነሳው የማይችል ሆነ። በ2008 ሕጉ ተሻረ፤ መመሪያውም ተስተካክሎ ከጥር 4 ቀን 2010 ጀምሮ እገዳውም ምርመራውም ቀረ። ጉባኤው ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ2012 ሲሆን የተደረገውም ከወገኖቻችን እጅግ ብዙዎቹ በሚኖሩባት በዋሽንግተን ነበር።

እንግዲህ ሃያ ሁለቱን ዓመታት በአገራችን ከሆነው ጋር እናስተያያቸው። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀው በ1984 ከተሰበሰበ ደም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በ1990 በወጣው ሕግ የተቋቋመውና ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲቪ ሎተሪ መጣ። ለመላው ዓለም በዓመት 55,000 ቪዛ የተመደበለት ይህ ዕጣ በአዲስ አበባ ምን ያህል ተስፋ እንደ ቀሰቀሰ መንገር ለአንባቢያችን መድገም ነው። ፎርም ሞይዎች በየፖስታ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፉ፤ «ዲቪ ደረሰው» የሚለው ወሬ ከሠርግ ወሬ በላይ ሆነ።

ዕጣው የወጣለት ወጣት በዚያ ዘመን ከዚያ በፊት ደሙን ለኤች አይ ቪ አስመርምሮ አያውቅም፤ ምርመራውም በየቦታው አይገኝም ነበር። ስለዚህ ለስንቱ ሰው ይህ በሽታ በገላው ውስጥ መኖሩን የነገረው የገዛ አገሩ ጤና ጣቢያ ሳይሆን፣ ሊሄድበት የነበረው አገር ቆንስላ የሰየመው ሐኪም ሆነ። የምርመራውን ዋጋ የከፈለው ራሱ ነው። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተነገረው፤ አትሄድም፣ በዚህም መድኃኒት የለህም። ለሌሎቹ ሰባት በሽታዎች «ታክመህ ተመለስ» ይባል እንደ ነበር ከላይ ተመልክተናል። ለዚህ ግን «ተመለስ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉም አልነበረውም።

ሕጉ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር። ለስደተኞች በሰብአዊነት ምክንያት ይፈቀድ ነበር፤ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ያለው አመልካችም መጠየቅ ይችል ነበር። ማንም ዘመድ የሌለው የዲቪ ባለ ዕጣ ግን በዚህ ቀዳዳ አይገባም። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። ዕጣው የወጣለት ሰው በምርመራው ከወደቀ ሚስቱና ልጆቹ አብረውት ይወድቃሉ፤ ቪዛቸው በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ሚስት ከወደቀች ግን ባል መሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት በስንት ቤት፣ በአንዲት ሌሊት፣ «አንተ ሂድ፣ ልጆቹን ይዘህ ሂድ» የሚል ቃል ተነግሮ ይሆን? የሄደውም አለ፤ የቀረውም አለ። እኛ በሁለቱም ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለንም።

የቀረው ሰው ምን ብሎ ይኑር? የቤቱን ዕቃ ሸጧል፣ ከሥራው ተሰናብቷል፣ ዕቁቡን ቀድሞ ወስዷል፣ ዘመድ ሽኝት ደግሶለታል። ጎረቤት ቀኑን ይቆጥራል። በአገራችን በሽታው በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ በማይጠራበት በዚያ ዘመን፣ «ለምን ቀረህ?» ለሚለው ጥያቄ ሐሰተኛ መልስ ማዘጋጀት ግድ ነበር። አንዱ ስፖንሰር ጠፋ ይላል፣ ሌላው ወረቀት ጎደለ፣ ሌላው እናቴ ታማ ነው ይላል። ሰሚውም አውቆ ዝም ይላል። ዝምታው ከአገር ቤት አልፎ ወደ እኛም መጣ። በየኅብረተሰባችን ስብሰባ «የእገሌ ወንድም ዲቪ ደርሶት ነበር፣ ምን ሆነ?» ሲባል ነገሩ ወደ ሌላ ጨዋታ ይዞራል። በዚህ አገር በጥገኝነት የነበረው ወገናችንም የመኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክት ያው የደም ምርመራ ይጠብቀው ስለ ነበር፣ ደሙን ከመታየት መሸሽን መረጠ፤ ሕክምናው በአጠገቡ ሳለ።

የሳንባ ነቀርሳው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ነገሩን አንድ ላይ መጨፍለቅ ስሕተት ነው። በ2007 በወጣው የአሜሪካ መመሪያ መሠረት፣ ራጁ የሚያጠራጥር ሰው አክታ ይሰጣል፤ አክታው በአጉሊ መነጽር መታየቱ አይበቃም፣ ተሐዋሲው በቤተ ሙከራ እስኪያድግ እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። በሽታው ከተገኘ በሐኪም ዓይን ሥር ለስድስት ወር ያህል መድኃኒት ይወስዳል። ታካሚው ይድናል፣ ቤተሰቡም ይድናል፤ እንዲህ ያለውን ምርመራ የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የዲቪ ቪዛ የሚሰጠው እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ እስከ መስከረም 30 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ መስከረም 20 ድረስ ብቻ ነበር። በግንቦት አክታ የሰጠ ሰው መድኃኒቱን ሲጨርስ ዕጣው ከስሟል። እዚህ ላይ የከለከለው በሽታው አይደለም፣ ሐኪሙም አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱት እኅቶቻችን ኬላ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥናት የሚፈልግ ነው። በዚያ የሚጠየቀው ከሞላ ጎደል ሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ትሠራለች ወይስ አትሠራም። ስለዚህ ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከጉበት በሽታና ከኤች አይ ቪ ጋር እርግዝናም ይመረመራል፤ ውጤቱም በአንድ ቃል ይጻፋል፣ «ብቁ» ወይም «ብቁ ያልሆነች»። በአገር ቤት ብቁ የተባለችው ከደረሰች በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ትመረመራለች፤ ኤች አይ ቪ ከተገኘባት ወደ አገሯ ትመለሳለች። ለጉዞ የተበደረችውን ገንዘብ ግን የሚመልስላት የለም።

ካለፉ በኋላስ? በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በ1984 እና 1985 ከሱዳን፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአየር ተጓጉዘው የገቡ፣ ዜግነትም ያገኙ ናቸው። በጥር 1996 ግን ለደም ባንክ የለገሱት ደም በሌሎች ዘንድ ሳይታወቅ በጅምላ ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ተገለጠ። ደሙ በፈገግታ ይወሰዳል፤ ሰጪው ምስጋና ይቀበላል፤ ከዚያ ይጣላል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጥር 28 ቀን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ጮኹ። እነዚህ ወገኖቻችን ቢያንስ የሚጮኹበት አደባባይ ነበራቸው። በአዲስ አበባ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ታክሲ የተሳፈረው ሰው ይህ አልነበረውም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ሰው ለማነጋገር ዕድል አገኘን። ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ዲቪ ደረሳቸው፣ ተመረመሩ፣ ተመለሱ። መድኃኒቱ በነፃ እስኪመጣ በሕይወት ከቆዩት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። እገዳው በ2010 መነሳቱን የነገርናቸው እኛ ነን፤ አልሰሙም ነበር፤ ቢሰሙም የማይጠቅማቸው ነበር፤ የእርሳቸው ዕጣ ለዚያ አንድ ዓመት ብቻ ነበርና። የደረት ራጃቸው እስከ ዛሬ አላቸው፤ አውጥተው አሳዩን። ሳንባው ንጹሕ ነው።

ያን ጊዜ ለጎረቤትና ለዘመድ ምን እንዳሉ ጠየቅናቸው። ዲቪ የደረሰው ሰው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰበትን ማስረጃ ማቅረብ ስላለበት፣ «የትምህርት ማስረጃዬ ጎደለ» ብለው ነበር። መምህር መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን፣ የመምህር ማስረጃ እንዴት ይጎድላል ብሎ አንድም ሰው አልጠየቃቸውም። ስማቸውን እንዳንጽፍ አደራ አሉን፤ ዓመቱን ግን እንድንጽፍ ፈቀዱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1990 ዓ.ም. ነበር።